ካሶንዴ የሚባለው ብረት

ያን ቀን ካሶንዴ እስከ የት ደርሶ ነበር?

ላሜክ ሾንጋ ይህን ጥያቄ ራሱን መጠየቅ የጀመረው ፀጉሩ ገና ጥቁር ሳለ ነው። አሁን ፀጉሩ ዱቄት የነሰነሱበት መስሏል፣ ጡረታውም ደጅ ላይ ቆሟል፤ መልሱ ግን የት እንደ ቀረ አይታወቅም። አልጋው ላይ ጋደም ሲል ጥያቄው አብሮት ይጋደማል፤ ሲገላበጥ አብሮት ይገላበጣል። ሚስቱ ከብዙ ዓመት በፊት ትራሷን ይዛ ወደ ልጆቹ ክፍል ሄዳለች። «ካንተ ጋር ከመተኛት ሐዲድ ላይ መተኛት ይሻላል» ነበር ያለችው። «ባቡሩ እንኳ ካለፈ በኋላ ዝም ይላል።»

ሾንጋ በኪትዌ ከተማ፣ ፋብሪካዎቹ በተደረደሩበት ሰፈር፣ የአንድ የፍተሻ ድርጅት አሠልጣኝ ነው። ብረት፣ ብየዳ፣ ኮንክሪት፣ የማዕድን ጉድጓድ ገመድ፣ ሰው ነፍሱን የሚያንጠለጥልበት ነገር ሁሉ እዚያ ግቢ መጥቶ ይፈተሻል። መዳብ በሚወጣበት በዚያ አገር የብረት መፈተሻ መዳሰሻ ይዞ የእንፋሎት ጋን ላይ የሚወጣ ሰው ከሞላ ጎደል የሾንጋ ተማሪ ነው። የሚያስተምረው ደግሞ በአንድ ብረት ነው። ከፈነዳ የእንፋሎት ጋን፣ ከቦይለር ላይ በእሳት ተቆርጦ የወጣ፣ ትሪ የሚያህል ወፍራም ብረት። ላዩን ሲያዩት ደህና ነው። ሆዱ ውስጥ ግን ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁን ያላገኘ ሠልጣኝ ፈተናውን አያልፍም። ጠርዙ ላይ በነጭ ቀለም «ካሶንዴ» ተብሎ ተጽፏል።

«ካሶንዴን አለፍሽ?» ይባባላሉ ሠልጣኞቹ።

«ኧረ ጣለኝ!»

«እንደ ካሶንዴ ተኝተሽ ነዋ!»

አዲሶቹ ካሶንዴ ሰው እንደ ነበረ እንኳ አያውቁም። ብረቱን የሠራው ፋብሪካ ስም ይመስላቸዋል።

ሾንጋ ጠዋት ጠዋት የሥልጠናውን ክፍል ከመክፈቱ በፊት ደጃፉ ላይ ይቆማል፤ መዝጊያውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ «ኦዲ!» ይላል፣ የሰው ቤት የሚገባ ሰው እንደሚለው። ሠልጣኞቹ የሽማግሌ ቀልድ ነው ብለው ይስቃሉ። ከውስጥ «ካሊቡ፣ ግባ» የሚል የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ሾንጋ ትንሽ ይጠብቅና ይገባል።

ጡረታ ሊወጣ በነበረበት ዓመት፣ ብርዱ በጠናበት በአንድ ሰኞ ጠዋት፣ እንደ ልማዱ መዝጊያውን ቆረቆረ።

«ኦዲ!»

«ካሊቡ» አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ።

በሩ ቀድሞ የተከፈተ መሆኑን ያን ጊዜ አላስተዋለም። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመና ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ፤ ከዚያ መዝጊያውን በዝግታ ገፋው። አዲስ ቱታ የለበሰች፣ እጅጌዋን ያጠፈች ወጣት ሴት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች። መዳፏ ነጩ ቀለም ላይ አርፏል። ከግንባሯ እስከ አገጯ ካሶንዴ ነበረች።

«ይቅርታ ባ ሾንጋ» ብላ ብድግ አለች፣ ታላቅን በሚያከብሩበት አጠራር። «የጽዳቷ ሴትዮ ናት የከፈተችልኝ። አዲስ ሠልጣኝ ነኝ። ቻንሳ እባላለሁ።»

«የማን ልጅ?» አለ፣ እያወቀ።

«የዚህ» አለች፣ መዳፏን ከብረቱ ሳታነሳ።

ወሩ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ የድርጅቱ ሰው ሁሉ ግቢ ውስጥ ይሰበሰባል። ሻይና ትኩስ ብስኩት ይታደላል፤ ሥራ አስኪያጁ ባ ሲያሜ በርሜል ላይ ይወጣና የሠራተኛውን ወሬ ያሰማል፤ ማን ወለደ፣ ማን አገባ፣ ማን ፈተና አለፈ፣ ማን ሊሄድ ነው። ያን ዕለትም ወጣ።

«ኮንክሪት ክፍል መንታ ተወልዷል!»

«እንደ ኮንክሪቱ ይጨመቁና ጥንካሬያቸው ይታይ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ባ ሾንጋ ዝናቡ ሳይጀምር በጡረታ ይሰናበቱናል።»

«አይጥ ሊያድኑ ነው የሚሄዱት!» ጮኸ ሌላው፣ በትውልዱ ቤምባ የሆነ ሹፌር። «የምሥራቅ አይጦች ሆይ፣ ወየውላችሁ!»

ሰዉ ሁሉ የሾንጋን መልስ ይጠብቃል። ሾንጋ አይጥ ይበላሉ ከሚባሉት ከምሥራቅ ንጎኒዎች ወገን ነው፤ ንጎኒ ደግሞ ለቤምባ መልስ አያጣም። «ዝንጀሮ የሚበላ አፍ ስለ አይጥ ምን አገባው» ማለት ይበቃው ነበር። ዛሬ ግን ሻዩን ፉት አለ።

«አዲስ ሠልጣኝ» አለ ባ ሲያሜ፣ «ቻንሳ ካሶንዴ።»

ቀጥሎ ያው ሹፌር፣ «ብረቱ ልጅ ወለደ እንዴ?» አለ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። የሳቁት በክፋት አልነበረም፤ አያውቁማ። ቻንሳ ብርጭቆዋን ይዛ ቆማ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው። በመጨረሻ ያየችው ሾንጋን ነው።

ያን ሌሊት ሾንጋ ጣራውን እያየ አደረ። ዝናቡ ሲመጣ እሱ ይሄዳል፤ ብረቱ ግን ጠረጴዛው ላይ ይቀራል፣ ከነስሙ። እሱ ሳይናገር ከወጣ የሚናገር ሌላ ሰው የለም። ልጅቱም የአባቷን ስም ለሰነፍ ሁሉ መሰደቢያ ሆኖ እየሰማች ትኖራለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር።

ካሶንዴ ቤምባ ነበር። የቤምባና የንጎኒ አያቶች በጦር ተፋጅተዋል፤ ጦሩ ሲያልቅ ለልጅ ልጆቻቸው ያወረሱት ቀልድን ነው። የቀልድ ዘመድ የፈለገውን ይላል፤ መቀየም ነውር ነው። ሾንጋና ካሶንዴ በአንድ ቀን ተቀጥረው፣ በአንድ ፒክአፕ እየተጫኑ፣ በየፋብሪካው ብየዳ ሲፈትሹ ኖሩ። ሲሰዳደቡ የሰማቸው ሁሉ አሁን ተናነቁ ይል ነበር። እነሱ ግን አንዱ ያለ ሌላው ምሳ አይበሉም።

ቦይለር ክብ ነው። ሁለቱ ከአንድ ቦታ ጀርባ ለጀርባ ይነሳሉ። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ የብየዳውን መስመር በመዳሰሻ እያሹ ዞረው በወዲያኛው በኩል ይገናኛሉ። ሥራው አሰልቺ ስለሆነ እሽቅድምድም አደረጉት። ሲገናኙ እጅ ለእጅ ይማታሉ፤ ትንሽ የሄደ ምሳ ይጋብዛል። ወረቀቱ ላይ ግን ማን የቱን እንደ ፈተሸ አይጽፉም፤ «ደህና ነው» ብለው ሁለቱም ከሥሩ ይፈርማሉ።

ያን ቀን የአንድ ዘይት ፋብሪካ ቦይለር ነበር። ተገናኙ፣ ተማቱ።

«በላሁህ!» አለ ካሶንዴ።

«ማን ነው የበላው? አንተ ገና ዛፍ ላይ ነህ!»

እየተከራከሩ ወረዱ። ሾንጋ ዕቃውን ሊጭን ወደ መኪናው ሄደ። ካሶንዴ እሳቱ ተለኩሶ የግፊት መለኪያው ቀስት ሲወጣ ማየት ይወድ ነበር፤ ቀረ። ሾንጋ የመኪናውን በር እየዘጋ ሳለ መሬቱ ከእግሩ ሥር ተነሣበት።

ቦይለሩ የተቀደደው ከወዲያኛው በኩል፣ እጅ ለእጅ ከተማቱበት ቦታ ነው። ልክ ከዚያው።

በቀብሩ ዕለት ሾንጋ የሚጠበቅበትን አደረገ። የቀልድ ዘመድ ለቅሶ ቤት ሊያለቅስ አይመጣም፤ ሊያስቅ ነው የሚመጣው። ጉድጓዱ ውስጥ ዘሎ ገብቶ «ይህ የእኔ አልጋ ነው! ቤምባ በንጎኒ አልጋ አይተኛም!» አለ፤ ጎትተው አወጡት። ከዚያ የሟቹን ቱታ ለበሰ፣ የሟቹን ቆብ አጣሞ ደፋ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ እንደ መዳሰሻ ያዘ። የሬሳ ሣጥኑን ጎን እያሸ ሄደ። አዛጋ። ቆሞ አንኮራፋ። ደንግጦ ነቃና «ደህና ነው!» ብሎ ጮኸ፤ መልሶ አንኮራፋ።

ሰዉ እንባው እየወረደ ሳቀ። የካሶንዴ ሚስት፣ በልጇ ስም ባና ቻንሳ የሚሏት፣ ሦስት ቀን ሙሉ አፏን እህል ሳይነካው የቆየችው፣ ጎኗን ይዛ ሳቀች። ጭኗ ላይ የተቀመጠችው ልጅ እንኳ ሳቀች። የቀልድ ዘመድ ሥራው ይኼው ነው፤ ሾንጋም በደንብ ሠራው።

በለቅሶ ቤት የተቀለደ እዚያው ይቀራል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን በመካከላቸው ተቀምጦ ነበር፤ የያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው። ከቀናት በኋላ ሾንጋን ቢሮው ጠራው።

«እንቅልፍ ይጥለው ነበር ማለት ነው?»

ሾንጋ አፉን ከፈተ። አይደለም፣ ጨዋታ ነው ሊል ነበር። ግን አይደለም ካለ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታየው፤ ታዲያ ስንጥቁን ሳያይ ያለፈው ማን ነው? አፉን መልሶ ገጠመው። ዝምታውም እንደ ምስክርነት ተቆጠረ። በሚቀጥለው የወሬ ሰኞ ሰውየው በርሜሉ ላይ ወጥቶ፣ «ከካሶንዴ እንማር። ሥራ ላይ መተኛት ሰው ይገድላል» አለ። ከተቀደደው አጠገብ፣ የስንጥቁ ቅሪት ያለበትን ብረት አስቆረጠ፣ ስሙን አስጻፈበት፣ ሾንጋንም አሠልጣኝ አደረገው። ከሁለቱ ያልተኛው እሱ ነዋ።

ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል ይባላል። የሾንጋ ቀልድ የሰው ስም አጠፋች። ሰውየው አገሩ ገባ፣ ሌሎችም መጡ፣ ሄዱ። ስሙ ብረቱ ላይ ቀረ።

ቻንሳ ጎበዝ ሠልጣኝ ነበረች። እጇ አይቸኩልም። ሾንጋ ለሁሉም የሚለውን ለእሷም አላት፤ «ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው ወደ ብረቱ የምትልኪው። ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ድምፁ ወዲያኛው ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። ቶሎ ከተመለሰ ግን መንገድ የዘጋበት ነገር አለ። አንቺ ሥራሽ መላክና መጠበቅ ነው።»

ዝልግልጉን ቅባት ብረቱ ላይ ቀባች፣ መዳሰሻውን አሳረፈች፣ ማሸት ጀመረች። የመሣሪያው መስኮት ላይ መስመሩ ተኝቶ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ብድግ አለ። ሾንጋ ይህን ስንት ጊዜ እንዳየ እግዜር ይወቅ። ሁልጊዜም አንድ ሰው ከውስጥ ያንኳኳ ይመስለዋል።

ቻንሳ እጇን አቆመች። «ይሄ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ትልቅ ነው እኮ።» መዳሰሻውን አሸሸች፣ መለሰችው፤ መስመሩ ወደቀ፣ ተነሣ። «ባ ሾንጋ፣ ይህን ተኝቶ ያለ ሰው እንኳ አይስተውም። መዳሰሻው በላዩ ካለፈ መስኮቱ ይጮኻል።»

ሾንጋ የቅባቱን ጠርሙስ ከደነ።

«አላለፈበትም ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትነግር። ከዚያ ቀና አለች። «ትናንት ሲያስተምሩን ብቻውን የሚፈትሽ ሰው የለም፣ ሁለት ነው ብለውን ነበር።»

«ሁለት ነው።»

«ያን ቀን ሁለተኛው ማን ነበር?»

ሌሎቹ ሠልጣኞች ወደ እነሱ ዞሩ። ከኮንክሪት ክፍል በኩል ጥንካሬው የሚፈተሽ አንድ የኮንክሪት ኩብ በመጭመቂያው ውስጥ ሲፈርስ «ጓ!» አለ፤ ሾንጋ ብቻ ነው የደነገጠው።

«ቻንሳ» አለ፣ «አገር ሙሉ ሥራ እያለ ለምን እዚህ መጣሽ?»

«ትምህርት ቤት ልጆቹ ‹የእንቅልፋሙ ልጅ› ይሉኝ ነበር» አለች። «አባቶቻቸው እዚህ ይሠሩ ነበር። አባቴ በእርግጥ እንቅልፋም ከነበረ ብረቱ ይንገረኝ ብዬ ነው። ሰው አይነግረኝም።»

መሣሪያውን አጠፋች፣ ቅባቱን በጨርቅ ጠረገች። መልሱን ግን አልጠበቀችም፤ ሾንጋ መቋቋም ያቃተው ይህን ነው።

ቅዳሜ ስኳርና የበቆሎ ዱቄት ገዝቶ ቺምዌምዌ ሰፈር ወደ ባና ቻንሳ ቤት ሄደ። ልጅቱ ገበያ ወጥታለች። ሴትዮዋ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ኦቾሎኒ ትፈለፍላለች።

«ኦዲ፣ ባና ቻንሳ።»

«ማን ነው? ኧረ አይጥ በሊታው ነው! ጎረቤቶች፣ ድስታችሁን ክደኑ፣ ንጎኒ ገብቷል!» በእግሯ ዱካ ገፋችለት። «ተቀመጥ። ምነው ከስተሃል? አይጦቹ አለቁ?»

ሾንጋ ዱካው ላይ ተቀመጠ። መቀለድ አቃተው። «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ምን አድርገህ?»

«በቀብሩ ዕለት ስላልኩት። ስለ እንቅልፉ።»

እጇ ኦቾሎኒው ላይ ቆመ። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ሁሉ ውኃ እንደ ፈሰሰበት እሳት ጠፋ።

«የቀልድ ዘመድ ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ያ ቀልድ ነበር ላሜክ። ጎኔን ይዤ የሳቅኩት ቀልድ ስለሆነ ነው። ሳቁ ነው እህል ያስቀመሰኝ። አሁን ይቅርታ ከጠየቅከኝ ቀልድ አልነበረም ማለት ነው። ቀልድ ካልነበረ ደግሞ እኔ በባሌ ሬሳ ላይ የሳቅኩት ምን ብዬ ነው?»

ሾንጋ መሬት መሬት አየ። ከዚያ፣ ለማንም ነግሮ የማያውቀውን፣ ስለ እሽቅድምድሙ ነገራት። ጀርባ ለጀርባ እንደሚነሱ፣ የተቀደደው እጅ ለእጅ ከተማቱበት ላይ እንደሆነ፣ ያቺን መዳፍ የምታህል ቦታ ማን መፈተሽ እንደ ነበረበት እንደማያውቅ። ቢሮ ተጠርቶ ዝም እንዳለም ነገራት።

ባና ቻንሳ አንድ ኦቾሎኒ አነሳች፣ ሳትፈለፍለው መልሳ ጣለችው።

«ለምን ለእኔ ትነግረኛለህ?»

«ለማን ልንገር?»

«ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ነግረኸኝ ተገላግለህ ልትሄድ ነው? እኔ ምን ላድርገው፣ ከኦቾሎኒው ጋር ልፍጨው? ለእኔ እንቅልፋም አልነበረም፤ አብሬው የኖርኩ ነኝ፣ እንዲያውም እንቅልፍ የለሽ ነበር። ስሙን ያጠፋኸው እዚያ፣ በሥራ ቤታችሁ ነው።» ቀና ብላ አየችው። «በሳቅ የወጣ በሳቅ ይመለሳል። በሰው ፊት የወጣ በሰው ፊት። አሁን ሂድ። ስኳሩን ተወው፣ ዱቄቱንም ተወው። ይቅርታህን ግን ይዘህ ሂድልኝ።»

ከዚያ በኋላ ሁለት የወሬ ሰኞዎች አለፉ። ሾንጋ ሁለቱንም ጊዜ ብርጭቆውን ይዞ ቆመ፣ ሁለቱንም ጊዜ እግሩ አልታዘዘውም። ሙቀቱ መጣ፤ ሰማዩ ከበደ፤ ዝናቡ ግን ገና ነው። ማታ ማታ፣ ዐይኑን በጨፈነ ቁጥር፣ ካሶንዴ ከቦይለሩ ወዲያ በኩል እየመጣ ነው፤ መዳሰሻው ብረቱን ሲያሽ ይሰማዋል፣ ሳቁም ይሰማዋል፤ ሊገናኙ ትንሽ ሲቀራቸው ሾንጋ ብድግ ይላል። የት ላይ እንደሚገናኙ አንድም ሌሊት አላየም።

የመጨረሻው ሰኞ ደረሰ። ባ ሲያሜ በርሜሉ ላይ ወጣ።

«ቻንሳ ካሶንዴ ፈተናዋን አልፋለች! የምስክር ወረቀቷን ከእኔ ትወስዳለች። ባ ሾንጋ ደግሞ ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው ነው፤ አንድ ነገር ይበሉን።»

«አጠር ያድርጉት፣ አይጦቹ እየጠበቁ ነው!» አለ ሹፌሩ።

ሾንጋ ወደፊት ወጣ። ክንዱ ሥር ሁለት የሥራ ቆብ ይዟል። «ባ ሲያሜ፣ ከበርሜሉ ይውረዱልኝ፣ እፈልገዋለሁ» አለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «አንድ ቤምባ ስጡኝ! ዝንጀሮ ያልበላ ቢገኝ ደስ ይለኛል፤ ከጠፋም ምን ይደረጋል፣ የበላውንም እወስዳለሁ!»

ሳቅ ሆነ። ሹፌሩ ሊወጣ ሲንቀሳቀስ ቻንሳ ቀደመችው። ለምን እንደወጣች እሷም አላወቀችም። ሾንጋ አንዱን ቆብ አጣሞ ደፋላት፣ ሌላውን ራሱ ደፋ።

«አንቺ ካሶንዴ ነሽ፣ እኔ ሾንጋ ነኝ። ይህ በርሜል ቦይለር ነው። ጀርባ ለጀርባ ቁሚ። አንቺ በዚያ፣ እኔ በዚህ። ትንሽ የሄደ ምሳ ይጋብዛል። ሂጂ!»

በመዳፋቸው በርሜሉን እያሹ ዞሩ። ሾንጋ ጎብጦ እንደ ኤሊ ተጎተተ፤ ሰው አወካ። ቻንሳ ጨዋታው ገባት። «ምነው ቆምክ አንተ ንጎኒ? አይጥ ሸተተህ?» አለች፤ ታላቅን የምታከብርበትን አጠራር ትታ፣ ልክ አባቷ እንደሚለው አለችው። ዞሩ፣ ተገናኙ፣ እጅ ለእጅ ተማቱ። ሾንጋ እጇን አልለቀቀም፤ ይዞ በርሜሉ ላይ አስቀመጠው።

«እዚህ» አለ። «ስንጥቁ የነበረው እዚህ ነው። እጅ ለእጅ የተማታንበት።»

አንዳንዱ ገና እየሳቀ ነበር፤ የጨዋታው ክፍል መስሎታል። ሳቁ ጥቂት በጥቂት እየሞተ ሄደ።

«ካሶንዴ ሰው ነበር፤ የዚህች ልጅ አባት። አብሮት የፈተሸው እኔ ነኝ። እንቅልፍ አልነበረም። እሽቅድምድም ነበር። እሱ ሾንጋ ነክቶታል ብሎ ትቶት ይሆናል፤ እኔ ካሶንዴ ነክቶታል ብዬ ትቼው ይሆናል። እንቅልፉን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ቀብሩ ላይ ለማሳቅ። በኋላ ስጠየቅ ደግሞ ዝም አልኩ።»

«በማን በኩል ነበር?» አለ ሹፌሩ። አሁን ድምፁ ውስጥ ቀልድ የለም።

«አላውቅም። የማላውቀው እሱን ነው።»

ከኮንክሪት ክፍል በኩል መጭመቂያው «ጓ!» አለ። ግቢው በሙሉ ደነገጠ። ቻንሳ የተጣመመውን ቆብ እንደደፋች፣ እጇ በሾንጋ እጅ ሥር እንዳለ፣ ትክ ብላ አየችው። ልትመታው የምትችል ይመስል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ መቀየም ወይም የቀልድ ዘመድ ሆኖ መቅረት።

«እና ምሳውን ማን ጋበዘ?» አለች።

ሾንጋ ቆቡን አወለቀ። «ማንም። አልተበላም።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ዶሮ ይዘህ እኛ ቤት ና። አይጥ ይዘህ ከመጣህ ግን በር አንከፍትም።»

ቆይቶ ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች፣ እንባዋን እየጠረገች፤ ከዚያ ሌሎቹ።

ባ ሲያሜ ያን ዕለት ሥርዓት አወጣ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ፈታሾች ሲገናኙ አይቆሙም፣ ተላልፈው አንዱ የሌላውን መስመር አንድ ክንድ ያህል ይፈትሻል። ሾንጋ ዕቃውን ሊወስድ ወደ ሥልጠናው ክፍል ሄደ። መዝጊያውን ቆረቆረ። «ኦዲ» አለ። ከሌላው ጊዜ ይልቅ ረዘም አድርጎ ጠበቀ። መልስ የለም። ሲገባ የቀለም ሽታ ተቀበለው። ብረቱ ጠርዝ ላይ፣ ከ«ካሶንዴ» አጠገብ፣ ገና ያልደረቀ ነጭ ቀለም «ሾንጋ» ይላል። የቻንሳ እጅ ነው፤ አይቸኩልም። በጣቱ ሊነካው አለና ተወው።

ቅዳሜ ዶሮውን አንጠልጥሎ ሄደ። ባና ቻንሳ ዶሮዋን ተቀብላ ገለበጠቻት። «እንደ ባለቤቷ አርጅታለች» አለች። «እስክትበስል እኛም እናረጃለን።» ስለ ሰኞው አልጠየቀችውም፤ ልጇ ነግራታለች። ከአቮካዶው ዛፍ ሥር መደገፊያ ያለው ወንበር አወጣችለት። የማን ወንበር እንደሆነ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቀም፤ ግን ሲቀመጥ ወገቡን ለራሱ እንደ ተሠራ ያዘው።

ንሺማው፣ የበቆሎ ገንፎው፣ መጣ፣ ዶሮዋም መጣች፣ ሦስቱም ከአንድ ሳህን በሉ። ቻንሳ ስለ መጀመሪያው የመስክ ሥራዋ ታወራለች፣ እናቷ የንጎኒን አገር ታማለች። ሰማዩ ከሩቅ አጉረመረመ። ሾንጋ ካሶንዴ ከወዲያ በኩል ሲመጣ ሰማው፤ መዳሰሻው ብረቱን እያሸ፣ እየሳቀ። እስከ የት እንደ ደረሰ ዛሬም አላየም። ብድግ ግን አላለም።

«ባ ሾንጋ» አለች ቻንሳ፣ «ይጨምሩ እንጂ።»

አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል፤ በዝግታ ያንኮራፋል። እጁ ጭኑ ላይ ተዘርግቷል፤ ያልታጠቡት ጣቶቹ ላይ ንሺማው እየደረቀ ነው። ቻንሳ ውኃውን ይዛ ልትቀሰቅሰው ብድግ ስትል እናቷ ቀሚሷን ያዘቻት።

«ተይው» አለች። ሳህኑን ድምፅ ሳታሰማ ወደ ራሷ ሳበችው። «እዩት ይህን፣ ሰው ቤት በልቶ እጁን እንኳ ሳይታጠብ። ስንት ሰዓት ነው? ሲነቃ ስንት እንደተኛ እንቆጥርለታለን።»

ቻንሳ በመስኮቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ግድግዳው ሰዓት አየች።

«ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።»